ወደ ሚስቴ ስገላበጥ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ጉርድ ሾላ ስንኖር ነው። እስከ ዛሬ ትራስ ላይ ራሴን ሳሳርፍ ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱም አንድ የማይረባ በሽታ ትዳሬን ሊያፈርስብኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

አንድ ጠዋት ነቅቼ ወደ ቀኝ ስገላበጥ ጣሪያው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሚስቴ እታፈራሁ ሳትቀር ተሽከረከሩብኝ። አልጋውን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደቂቃ ሳይሞላ ተወኝ። በግራ፣ በግድግዳው በኩል ምንም የለም። ቢሮም ምንም የለም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ ዝር አይልም፤ እዚያ ቢነሳብኝማ ፈቃድ እጠይቅበት ነበር።

በቀኜ የምትተኛው እሷ ናት። እኔም ብልጥ ነኝና ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቻት ከግድግዳው ጋር ተፋጥጬ ተኛሁ። የምሞት መስሎኝ ነበር። ያልነገርኳት ፈሪነቴን እንዳታውቅብኝ ነው፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር ያላወቀችው ይመስል።

በመጨረሻ፣ "ምን በድዬህ ነው ፊትህን የምታዞርብኝ?" አለችኝ።

"ወደ አንቺ ስገላበጥ ያዞረኛል" አልኳት።

እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን የከሰርኩበት ጊዜ የለም።

"አሁን መልኬ አጥወለወለህ? ያኔ እኔን ለማየት ከኮተቤ በእግርህ ስትመጣ አላዞረህም?"

እህቷ ነገሩን ሰምታ "መተት ነው፣ አዋቂ ቤት እንሂድ" አለች። እታፈራሁ ግን የጠረጠረችው ሌላ ሴት ነው። ልብሷን ሸክፋ ላምበረት እህቷ ቤት ልትገባ ተነሳች። "አንድ ጊዜ ብቻ ሐኪም ዘንድ አብረሽኝ ነይ፤ ከዋሸሁ ከዚያው ትሄጃለሽ" ብዬ ለመንኳት። ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ታሪኬን ሰምቶ አልሳቀም። አልጋ ላይ አስቀመጠኝ፣ ራሴን ወደ ቀኝ አዞረና በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጋደመኝ። ክፍሉ ሲሽከረከር ጋዋኑን አንቄ ያዝኩ።

"እትዬ፣ ይምጡና ዓይናቸውን ይመልከቱ" አላት።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ብሌኔ በራሱ ጊዜ ይርገበገብ ነበር። በግራ በኩል ሲደግመው ግን ዓይኔ ረግቶ ቀረ።

"ይህን አስመስለው ሊያደርጉት አይችሉም" አላት። "ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ፣ እንደ አሸዋ የደቀቁ ነገሮች አሉ። እነሱ ከቦታቸው ተንሸራተው ነው። አይገድልም፣ ጋሼ።"

ኪኒን አላዘዘልኝም፤ ያዘዘልኝ እንቅስቃሴ ነው። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በአንድ ጎን ቶሎ መውደቅ፣ ማዞሩ እስኪያልፍ መጋደም፣ መነሳት፣ በሌላው ጎን መድገም፤ ጠዋትና ማታ። ሻንጣውን ወደ ቤት የመለስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ስወድቅ ራሴን በእጇ የምትቀበለው እታፈራሁ ሆነች። "ውደቅ እንግዲህ፣ ጀግናዬ" ትለኛለች። በአሥረኛው ቀን ማዞሩ ጠፋ። እኔ ግን እጇን ለምጄ ስለነበር ሌላ ሁለት ሳምንት "ወይ ራሴን" እያልኩ ወደቅኩ።

ይህን ማታለሌን የተናዘዝኩላት ባለፈው ዓመት ነው። ቀና ብላም አላየችኝ።

"ዓይንህ መርገብገብ ካቆመ በኋላ ስንት ቀን እንደ ወደቅክ አውቃለሁ" አለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ወደ እኔ ነበራ የምትወድቀው።"

ይህን ሁሉ ዓመት አታለልኳት ብዬ ስኮራ ኖሬ፣ ያን ቀን ማፈር ነበረብኝ። አላፈርኩም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።