ሹፌሮች «ሜዳ» ያሉት መንገድ

ትናንት ከሰዓት ጎባ ገበያ፣ የአዴ ሩቂያ ማር መሸጫ ጥግ ተቀምጬ የብስክሌት ጉዞዬን መንገድ እንደገና እያወጣሁ ነበር። «እንደገና» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም...

ልጄ ደሎ መና አዋላጅ ነርስ ናት። ተመድባ ስትሄድ «ክረምት ሳይገባ በብስክሌት መጥቼ እጠይቅሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት። ከሮቤ ተነስቶ፣ ጎባን አልፎ፣ የሳነቴን ደጋ አቋርጦ፣ በሐረና ጫካ መሀል የሚወርድ መንገድ ነው። ሦስት ሹፌሮች ጠየቅኩ። ከጎባ በላይ ያለውን ሦስቱም በአንድ ቃል ነገሩኝ። «ሜዳ ነው!»

ባለፈው ወር አምኛቸው ወጣሁ። «ሜዳው» ላይ ብስክሌቱን ስገፋ ዋልኩ። ሳነቴ አናት ላይ ስደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር፤ በረዶ ወረደብኝ። የተመለስኩት በጭነት መኪና፣ ከበጎች ጋር ተጭኜ ነው። ባለቤቴ ከጃኬቴ ላይ የበግ ጠጉር እየለቀመች «አንድ ዕድል ቀርቶልሃል። ከዚያ ብስክሌቱ ይሸጣል» አለችኝ። ስትቀልድ አልነበረም።

አዴ ሩቂያ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሪራ ሰው ናቸው። መኪና እንዲህ ሳይበዛ የሐረናን ማር በፈረስ ጭነው ጎባ ያመጡ ነበር። ስለ ሹፌሮቹ ስነግራቸው ሳቁ።

«ሹፌር ዳገት ምን ያውቃል? እግሩ ነዳጅ ይረግጣል እንጂ መሬት አይረግጥ። እኔ የፈረሱን መንገድ ልንገርህ... ሀዬ፣ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ፈረስ ውኃ የሚጠጣበትን፣ ጭነት ጠብቆ የሚታሰርበትን፣ ሰው ወርዶ በእግሩ የሚሄድበትን። «ከእኩለ ቀን በፊት ሳነቴ አናት ካልደረስክ ተመለስ» አሉኝ። ጎባ አድሬ ጎህ ሲቀድ እንድነሳ ተስማማን። እንዲህ እያልን ደብተሬ ላይ ሳነቴ አልቆ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሪራ የሚወርድበት ቦታ ደረስን።

«እዚህም ወርደህ በእግርህ ትሄዳለህ።»

«አዴ፣ ይሄማ ቁልቁለት ነው! ለብስክሌት እኮ ሠርግ ነው።»

የማሩን ክዳን ቀስ ብለው ገጠሙት።

«በዳገት የሞተ ፈረስ አላየሁም። በዚያ ቁልቁለት ግን ሁለት ሞተውብኛል።»

«እሺ፣ እጠነቀቃለሁ» አልኩ። ፊቴን አዩት... እንዳላመኑኝ ገባኝ። ተነስተው ጎረቤታቸው ካለችው እንቁላል ሻጭ ዘንድ ሄዱ። ሲመለሱ ትንሽ ባልዲ ይዘዋል። የገብስ ገለባ ሞልቶበታል፤ ገለባው ውስጥ አሥራ ሁለት እንቁላል ተቀብሯል።

«ሪራ እህቴ አለች። ይህን ታደርስልኛለህ፣ እሷው ጋ ታድራለህ። እደውልላታለሁ።»

እዚህ አገር መንገደኛ፣ አድርስ የተባለውን እምቢ አይልም። ቢሆንም ጠየቅኩ።

«ሪራ እንቁላል ጠፍቶ ነው?»

«ዶሮ ሞልቷታል። ግን ትቆጥራቸዋለች።»

ለጎረምሳ ፈረሰኞቻቸውም ድሮ እንቁላል ያስይዟቸው ነበር አሉ። ቁልቁለት ላይ የጋለበ ሰው እንቁላል አያደርስም። ሰባራ ያመጣውን ደግሞ ማንም ሁለተኛ ጭነት አምኖ አይሰጠውም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ። ደብተሬ ላይ አሁን ኪሎ ሜትር የለም፤ ፈረሱ የቆመበት ብቻ ነው ያለው። ፍሬኑንም በአዲስ አስቀይሬዋለሁ... ቁልቁለቱ ላይ የሚይዘኝ ግን ፍሬኑ አይደለም፤ አሥራ ሁለቱ እንቁላሎች ናቸው።