የጋሽ ሶሪ ትምህርት

የእህቴ ባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ሶሪ» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ የክብር ስም መስሎት ይኩራራበታል። የሰው እግር ረግጦ ሶሪ፣ ቀጠሮ አፍርሶ ሶሪ፣ የተዋሰውን ጃንጥላ ጥሎ ሶሪ። ቃሏን ጣል ካደረገ በኋላ ዞር ብሎም አያይም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይቅርታ ሲል የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቱን ያቆመችው በእግር በሚዘወር የስፌት መኪናዋ ነው፤ የእሱን ሱሪ ሳይቀር የምታሳጥረው በዚያችው ነበር። ይህ ሰው ታዲያ የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊ መሆን አማረው። በችሎታው እንደማይሆንለት ያውቃል። እህቴ ክር ልትገዛ ወጣ ስትል ጠብቆ፣ መኪናዋን በጋሪ አስጭኖ ለዳይሬክተሩ ሚስት ስጦታ ሰጠ። ስትመለስ የጠበቃት ሲሚንቶው ላይ የቀረው የመኪናዋ እግር ምልክት ነው።

«ሶሪ» አላት።

አስጠርታኝ ስደርስ እንባ የሚባል ፊቷ ላይ የለም። ሄዶ መኪናዋን እንዲያመጣላትና «በድዬሻለሁ» እንዲላት ብቻ ነው የጠየቀችው። ካደረገው ትኖራለች፣ ካላደረገው ከእኔ ጋር ትሄዳለች። እኔ እንኳ እንዳያደርገው እየተመኘሁ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ዓይኑን በጨው የታጠበው አማቻችን ጉሮሮውን ጠራረገና ማስተማር ጀመረ። ሶሪ ተራ ቃል አይደለም አለን። ሰው ሁሉ «ሶሮ» ከሚለው የሀዘን ቃል የመጣ ይመስለዋል፤ ስህተት ነው። ከጥንት የተወለደው «ሶር» ከሚለው፣ ቁስል ማለት ከሆነው ቃል ነው። ስለዚህ ሶሪ ያለ ሰው ቆስያለሁ፣ አሞኛል ማለቱ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይቅርታ አለ እያለ በጣቱ አየር ላይ ፊደል ይጽፍልናል። መቼም እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

እህቴ እስኪጨርስ ሰማችው።

«እና ይሄን ሁሉ ዘመን ሶሪ ስትለኝ፣ የቆሰልከው አንተ ነህ?»

«በትክክል!» አላት፤ ጎበዝ ተማሪ ያገኘ መስሎት ፊቱ በራ።

መቀሷንና ሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«እግዜር ይማርህ» አለችው።

የባዕድ ቃል ዘር ሲቆጥር የሚውለው ሰውዬ፣ ይሄ ለበሽተኛም ለበደለኛም እንደሚባል ትዝ አላለውም። ፈገግ ብሎ «ቴንኪው» አላት።