አባቴ የዘጋው ውሃ

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሲያፈስ መፍቻውን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ጆሮውን ይለጥፍበትና «እዚህ ጋ ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት እንጀራው ይኸው ጆሮው ነበር። ካቻምና ግን የጎረቤታችንን ግድግዳ ሦስት ቦታ ሰብሮ የሚያፈሰውን ሳያገኝ ተመለሰ። የዘንድሮ ግድግዳ ወፍራም ነው አለን። ጆሮው መድከሙን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ አያምንም። ሐኪም ዘንድ ሂድ ያለውን ሰው ደግሞ ሳምንት ሙሉ ያኮርፈዋል።

ስለዚህ በሚወደው መጣሁበት። አንድ ጊዜ የሥዕል አዳራሽ ቧንቧ ጠግኖ ከወጣ ወዲህ ዐውደ ርእይ ሲባል ልቡ ይጠፋል። ሌላ ከተማ ትልቅ የዘመናዊ ጥበብ ዐውደ ርእይ መከፈቱን ነገርኩት። እዚያው ለጆሮው ቀጠሮ መያዜን ግን ዋጥ አደረግሁት።

በመንገድ ላይ ያላየው ጉድ የለም። ጣሪያ ላይ የወጣ ሶፋ አሳየኝ። ቤቱ ፈርሶ ብቻውን የቆመ በር አየና፣ መቆለፉ ገርሞት፣ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ይሆን እያለ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ወሬውን የሚያበዛው እኔ የምለውን መስማት እንዳይኖርበት መሆኑ ሲገባኝ ግን አንጀቴን በላኝ።

የዐውደ ርእዩ አዳራሽ የመጨረሻ ክፍል ወለሉ በብረት ሳፋ ተሞልቷል፤ መቶ ይሆናሉ። ከላይ ከቀጫጭን ቧንቧዎች ውሃ ጠብ ጠብ ይልባቸዋል። የአንዱ ድምፅ ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን ነው፤ ሲገጥሙ ክፍሉ ራሱ የሚያዜም ይመስላል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

አባቴ ሽቅብ አየ፤ ከንፈሩን መጠጠ። ቧንቧውን በዓይኑ ተከትሎ ጥግ ድረስ ሄደና የውሃውን መዝጊያ ጥርቅም አደረገው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ባንደርስ ኖሮ ጎርፍ ነበር አለኝ፣ ጮክ ብሎ። ለእሱ ጆሮ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

የአዳራሹ ጠባቂ ሮጣ መጥታ፣ ሥራው ድምፁ ራሱ እንደሆነ አስረዳችው። አፍ አፏን ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። እየጨነቀኝ ደገምኩለት። አንገቱን ደፍቶ ሄደና ውሃውን ራሱ መልሶ ከፈተ፣ አንዱ ሳፋ አጠገብ ተንበረከከና መዳፉን ጠርዙ ላይ አሳረፈ። ጠባቂዋ ልትከለክለው ቃጣትና ተወችው።

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ዕድሜውን ሙሉ የሚንጠባጠብ ውሃ ሲያስቆም የኖረ ሰው፣ እጁ ሥር የሚርገበገበውን ብረት እንደ ሕፃን በመገረም ያያል። እኔም የዚያን ቀን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አላየሁም።

«ልጄ፣ ምን ይላል?» አለኝ። «እኔ አልሰማም።»

ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። አጠገቡ ተንበርክኬ፣ አሁን ወፍራሙ፣ አሁን ቀጭኑ፣ አሁን ሁሉም እያልኩ በጆሮው ጮክ ብዬ ነገርኩት። ማንም አልተቆጣንም።

ሲነሳ ትከሻዬን ተደገፈ።

«ለሐኪም አሳዪኝ» አለ። «ከዚያ እዚህ መልሰሽ አምጪኝ። ይኼንንማ ሳልሰማ አልሞትም።»