ለእናቴ የሠራሁት ሹራብ

እናቴን የመርሳት በሽታ ሲይዛት እኔ ሳጉሬ አስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አሰላ እየመጣሁ እጠይቃታለሁ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ «ቀኑን ሙሉ በረደኝ ትላለች» ስላለችኝ ሹራብ ልሠራላት ወሰንኩ። ኪሮሽ መያዝ ያስተማረችኝ እሷው ናት። የምትወደውን ቀይ ክር ገዝቼ፣ ከሥራ ስመለስ እየተቀመጥኩ ክረምቱ ሳይገባ ጨረስኩት።

ጭኗ ላይ ሳስቀምጥላት በጣቶቿ ዳበሰችው፤ ገልብጣም ውስጡን አየችና ፈገግ አለች።

«እጅዎ ይባረክ» አለችኝ።

እናቴ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

«እማዬ፣ ላንቺ እኮ ነው የሠራሁት።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ቤት ነው የምውለው። ሳጉሬ የምታስተምር ልጅ አለችኝ፤ እዚያ ብርዱ አይጣል ነው። በዚያ በኩል ካለፉ ይስጡልኝ። እናትሽ ናት የላከችልሽ ይበሏት።»

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ስለ ልጇ ስታወራ ፊቷ እንዲያ በርቶ ሳየው አቃተኝ።

«እሰጥልዎታለሁ» አልኳት።

ለእሷ በዚያው ዓይነት ክር ሌላ ሠራሁላትና እህቴ አለበሰቻት። የመጀመሪያውን ግን፣ ቢሰፋኝም፣ እኔው ለበስኩት። ጥር ላይ እስክታርፍ ድረስ ልጠይቃት ስሄድ አላወልቀውም ነበር። አጠገቧ ስቀመጥ እጅጌውን ያዝ ታደርግና፣ «ልጄም እንዲህ ያለ አላት» ትለኛለች።