መብራት ሲመጣ በራሱ የሚዘፍነው ሲዲ ማጫወቻ

ዛሬ ከሱቅ ስመለስ ቆልፌው ከሄድኩት ቤት ውስጥ ዘፈን ይሰማል!

ወንድሜ ከማል መጣ ብዬ በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። እሱ ሱዳን ከሄደ ወዲህ አዲስ ዓለም ባለው ቤታችን የምኖረው ብቻዬን ነው።

ሳሎን ውስጥ ማንም የለም።

የሚዘፍነው አባታችን ከጅዳ ያመጣው ሲዲ ማጫወቻ ነው፤ በሰፈራችን የመጀመሪያው፣ እንደ መሳቢያ ተከፍቶ ሲዲውን የሚውጠው። ከፊቱ ትንሽ ማብሪያ አለችው። እሷ ከተገፋች መብራት በመጣ ቁጥር ማንም ሳይነካው ይጀምራል። ጠዋት አቧራ ስጠርግ ገፍቻት ኖሯል። ውስጡ ያለው ከማል ትቶት የሄደው ሲዲ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን እያሰሩ ሮጠው ገቡ።

«መጣ እንዴ?»

«መጣ፤ መብራት!» አልኳቸው።

ሁለታችንም ሳቅን።

እትዬ ዘሃራ ግን አልሄዱም። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሲዲው እስኪያልቅ አብረውኝ ሰሙ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና፣

«ነገም ክፈቺው ልጄ፤ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል» አሉኝ።

እናንተስ፣ የሄደ ሰው የተመለሰ ያስመሰለባችሁ ዕቃ አለ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ሁሉንም አነባለሁ።