ጎረቤቴ በእኔ ስንዴ ውስጥ የቆመ ዕለት

ጎረቤቴ በእኔ ስንዴ መሀል ቆሞ ስንዴው የእሱ እንደሆነ ለመንግሥት ሰዎችና ለውጭ አገር እንግዶች ተናገረ። የተደረገብኝ በደል ይኸ ነው። ሌላ የለውም።

እንዴት ሊሆን ቻለ የሚል ካለ ልንገረው። መንግሥት ስንዴ ከውጭ መግዛት ይብቃን፣ እንዲያውም ለጎረቤት አገሮች እንሸጣለን፣ ዶላር ይገባል፣ የተጎዳው ኢኮኖሚ ያገግማል አለ። ሬድዮው ጧትም ማታም ይኸንኑ ነው። ለዚህ ሲባል የአንዱ ማሳ ከሌላው ተገጥሞ፣ አንድ ዓይነት ዘር ተዘርቶ፣ እንደ አንድ ሰው እርሻ እንዲታረስ ታዘዘ፤ ኩታ ገጠም ይሉታል። እኛም በየመሀላችን የነበረውን የድንበር ሣር አርሰን አጠፋነው። አያቶቻችን በዚያ ድንበር ስንት ተደባድበውበታል! እኛ በአንድ ጧት ገለበጥነው፤ እያጨበጨቡልን።

ከዚያ ወዲያ መንገደኛ ቢያይ የማን የት ላይ እንደሚያልቅ አያውቅም። ጎረቤቴ ግን ያውቃል። ወንፈል ነን፤ አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን አብረን ስናርስ ነው ዕድሜያችን ያለቀው። የእሱ ማሳ ከታች ነው፣ ውሃ ይቋጥራል። በዚያ ዓመት ስንዴው ቢጫ ሆኖ፣ አጥሮ ቀርቶበት ነበር። የእኔው ከላይ፣ እስከ ደረት።

እንግዶቹ የመጡት በኅዳር፣ ዓርብ ቀን ነው። ዓርብ ደግሞ እኔ ዓርብ ገበያ ነኝ፤ ይኸን ሰው ሁሉ ያውቃል። በግ ልሸጥ ሄጄ ስመለስ ሚስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዛሬ ፈረንጅ ስንዴያችን ውስጥ ገባ» አለችኝ።

«ማን አስገባው?»

«እሱ ነዋ። ነጭ ጋቢ ለብሶ ያስጎበኝ ነበር። ሲናገር ብታየው!»

ከሁሉ ያቃጠለኝ «ብታየው» ያለችው ነው።

በሰውዬው መቅናት ያን ዕለት አልጀመርኩም። እሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ከልጄ ሚስት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ስብሰባ ላይ እሱ እጁን ሲያወጣ ሊቀ መንበሩ ፈገግ ይላል፤ እኔ ሳወጣ ሰዓቱን ያያል። ሰርግ ላይ እሱን ከሽማግሌዎች ጎን ያስቀምጡታል፤ እኔን ብርሌ ወዳለቀበት። በሬዎቹ እንኳ ከእኔ በሬዎች ያምራሉ። እና ይኸ ሁሉ ሳይበቃው በእኔ ስንዴ ይቆማል?

በሬድዮ ድምፁን ሰማሁት። «ከልመና ወጥተናል፤ እኛ ገበሬዎች ለጎረቤት አገሮች ተርፈን አገራችንን ከወዳጆቿ እናቀራርባለን» ይላል። አምባሳደር መሰለ። በሳምንቱ ደግሞ ፎቶው የወረዳው ግቢ በር ላይ፣ በትልቅ ሸራ ተሰቀለ። ቆሜ ራሴ አነበብኩት። «ግንባር ቀደሙ አርሶ አደር ከለማው ማሳቸው ውስጥ» ይላል። ማሳቸው! ማንበብ ባልማር ኖሮ የሚያናድደኝ ፎቶው ብቻ ነበር።

ውድማው ላይ ሄጄ ያዝኩት።

«የማን ስንዴ ነው?»

«የትኛው?»

«ፎቶ የተነሣህበት።»

ሣቀ። «ወንድምዓለም፣ ድንበሩን አብረን አይደል ያረስነው? አሁን የእኔ፣ የአንተ አለ እንዴ? የአገር ስንዴ ነው።»

«የአገር ከሆነ ከታችኛው ማሳ ለምን አልቆምክም?»

«ቢጫ ስንዴ ለእንግዳ ይታያል? አገር ላዋርድ? ደግሞ አንተ ብትኖር ምን ልትል ነበር? ማዳበሪያ ተወደደ ብለህ ፈረንጁ ላይ ታለቅስበት ነበር።»

እውነቱን ነው፣ እል ነበር። ግን በገዛ ስንዴዬ ውስጥ ቆሜ ነው የምለው።

ያን ቀን ወንፈላችን ቀረ። የእኔን ለብቻዬ ወቃሁ፣ እሱም የእሱን። ሚስቶቻችን ወንዝ ላይ ሲገናኙ ፊት ማዞር ጀመሩ። ነገሩ ከዚህ ሳይብስ ብለው ሽማግሌዎች ገቡ፤ የንስሐ አባታችንም አብረው መጡ።

«ምን ይደረግልህ?» አሉኝ።

«ካሣ አልፈልግም። ሰው ሁሉ ባለበት ስንዴው የእኔ እንደነበር በአፉ ይበለው።»

«ሸራውስ?»

«ሸራው የመንግሥት ነው። አፉ ግን የእሱ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀልደኛ ናቸው። «ጉድ እኮ ነው፤ መንግሥት በስንዴ ከጎረቤቱ ሊወዳጅ ይደክማል፣ እናንተ በስንዴ ከጎረቤት ትጣላላችሁ!» ብለው ሁሉን አሣቁ። እኔ አልሣቅሁም። ከተመካከሩ በኋላ ግን ለእኔ ፈረዱ፤ በሰንበቴው ቤት ደጅ፣ ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ።

ቀኑ ሲደርስ መጣ። ሌላው ሰው ለወጉ ያህል ትንሽ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ጣል ያደርጋል። እሱ ወፍጮ የሚያህል መርጦ፣ ጎብጦ፣ እየተንገዳገደ መጣ። በዚህም በለጠኝ።

«ስንዴው የእሱ ነው» አለ፤ ድምፁ ለሁሉ ተሰማ። «እኔ ቆምኩበት እንጂ አልዘራሁትም። እንግዶች ፊት ማሳዬ አሳፈረኝና የወንድሜን ላብ ለበስኩ። በኪዳነ ምሕረት ይቅር በለኝ።»

የወንድሜን ላብ ለበስኩ! ይኸን ቃል ከየት ያመጣዋል? ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከኋላዬ አንዱ «እንዲህ ያለ ትሑት ሰው የት ይገኛል?» ሲል ሰማሁ። ስንዴው የማን እንደሆነ የሰማም ያለ አልመሰለኝ።

«በል ልጄ፣ አንሣለት» አሉኝ የንስሐ አባቴ።

ድንጋዩን አነሣሁለት። የእውነት ከባድ ነበር። ሕዝቡ አፌን ያያል። ስንት ሌሊት ያሰላሰልኩት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣ።

«ይቅር» አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ጥቂት ጨምርበት እንጂ!» አሉ አንዲት አሮጊት፤ ደጁ በሣቅ ተሞላ።

እሱ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ያዝኩት፤ ትከሻዬን ሳመኝ፣ ሳምኩት። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እሱን ከቦ፣ ጋቢውን እያራገፈለት፣ ጠላ እየቀዳለት ገባ። እኔ ከድንጋዩ ጋር ደጅ ቀረሁ።

ስንዴው የእኔ መሆኑ በሕዝብ ፊት ተነግሮ ነገሩ ያለቀው የካቲት አሥራ ስድስት ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው።