የማረሻ ዲስክና የሰሊጥ ዜማ

ከኮኪት እስከ አብደራፊ ባለው ቆላ ትራክተር ቆሞበት እኔን ያላስጠራ ባለ እርሻ ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። መካኒክነትን የተማርሁት በወጣትነቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከሚገኝ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ በማየት ነው። ፊደልን ከመለዋወጫ ካርቶንና ከጋዜጣ ቁራጭ ለቃቀምሁት። ማሲንቆ ስይዝም ጣቴን እዚህ አድርግ ያለኝ ሰው የለም።

ከሁሉ የምኮራው ግን በግቢዬ ኒም ዛፍ ላይ በተንጠለጠሉት ዲስኮች ነው። የትራክተር ማረሻ ዲስክ ሲያልቅ ሰው ለብረት ገዢ ይሸጠዋል ወይም አጥር ሥር ይጥለዋል። እኔ ሰበሰብሁት። ጠርዙን በሞረድሁት ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ እንደሚሄድ ደረስሁበት። እንዲህ እያልሁ አሥራ ሁለቱን በባቲ ቅኝት አስማማኋቸው። ላስቲክ በተጠቀለለ መዶሻ ስመታቸው እስከ መተማ ዮሐንስ ጉምሩክ ይሰማል ይላሉ፤ እኔ ግን ድንበር ማዶ ገላባትም ይደርሳል ባይ ነኝ።

በግቢዬ ቤት የተከራየች አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት አለች። አንድ እሑድ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይችን ይስሙ። ማንም ያልሞከረውን ደፋር ሙዚቃ ለሚሠሩ ሰዎች ገንዘብ የሚሰጥ ውድድር ወጥቷል።»

«እኔን የሚዳኝ ማን ነው?» አልኋት።

«ከእርስዎ የሚያንሱ ሰዎች ናቸው። ምን ይደረግ፣ ገንዘቡ በእነሱ እጅ ነው።»

«ተይው በቃ።»

«እሽ። ፈሩ ብዬ ለሠፈሩ እነግራለሁ።»

እዚያው ቁጭ ብለን ፎርሙን መሙላት ጀመርን። የሙዚቃ ትምህርት የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «የለም ልበል?»

«የለም አትበይ። ራሱን ያስተማረ በይ።»

በቀልድ ብንጀምረውም ነገሩ ልቤ ገብቶ ነበር። ለዓመታት ሰው ዲስኮቼን የሽማግሌ መጫወቻ ሲል ሰምቻለሁ። ሙዚቃ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ፣ «ይህ ሙዚቃ ነው» እንዲልልኝ ፈለግሁ። ቀረጻው እስከ ዓርብ መላክ ነበረበት። ጊዜው ደግሞ ሰሊጥ የሚራገፍበት ሳምንት ነበር።

ዲስኮቹ ብቻቸውን ሲመቱ ከድምፃቸው ሥር ባዶ ነበር። ምን እንደጎደላቸው አውቀዋለሁ። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ነዶው ሂላ ተብሎ እንደ ጎጆ ቆሞ ከደረቀ በኋላ፣ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ በዱላ ሲመታ የሚሰማ ድምፅ አለ። መጀመሪያ ሸር ይላል፤ ከዚያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር የሚሰማውን ይመስላል። ያ ድምፅ ከዲስኮቼ ሥር እንዲሄድ ፈለግሁ።

ረቡዕ ጠዋት ዲስኮቹን በባጃጅ ጭኜ፣ መምህርቷን አስከትዬ ኮኪት አጠገብ ወዳለ እርሻ ሄድሁ። ባለቤቱ ደንበኛዬ ነው፤ ስንደርስ ግን አልነበረም። የሠራተኞቹ ካቦ ጎጃሜ ነው። ዲስኮቹን በእንጨት ላይ ስሰቅል ቆሞ አየኝና፣

«አባቴ፣ ሰሊጥ ልናረግፍ ነው ወይስ ልንድር?» አለ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም እንዴት እንደሚመቱ አሳየኋቸው። እነዚህ ሰዎች የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ነው፤ ቀስ ማለት ይጎዳቸዋል። ሆኖም ታዘዙልኝ። ሁለት ምት፣ ዕረፍት፣ ሦስት ምት። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። «እንደገና!» እላለሁ። ነዶ ያነሣሉ፣ ይመታሉ። «እንደገና!» ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ እንደ አንድ ሰው ይመቱ ጀመር። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጠዋት ያሠለጠነ ካለ ይምጣ።

«አሁን ቅጅ» አልኋት መምህርቷን። እጄን አነሣሁ፣ ዱላዎቹ ወረዱ። ሸር የሚል ነገር የለም። ደረቅ እንጨት ብቻ ተንኳኳ።

ካቦው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አባቴ፣ ሰሊጡ እኮ አለቀ! በልምምድ ጨረሱት!»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰሊጥ መሬት ላይ ትራክተር ሲጠግን የኖርሁ ሰው ነዶ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ፍሬው አንዴ ከወረደ የቀረችው ጥቂቷ እንድትረግፍ ነዶው እንደገና ቆሞ ቀናት መድረቅ አለበት። እኔ ደግሞ እንደ ማሲንቆ ደጋግመው የሚመቱት መስሎኝ ነበር።

በዚህ መሀል ባለቤቱ በትራክተር ደረሰ። «ሠራተኞቼን ሲያዘፍኑ ዋሉ?» አለኝ። ማዶ ለነገ የተተወ አንድ ረድፍ ሂላ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ነፋስ ላይ የተራገፈ ሰሊጥ ግማሹ ሜዳ ላይ ይቀራል። ያንን ረድፍ አሁኑኑ ስጠኝ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ስንት ጊዜ ሞተሩን እንዳስነሣሁለት ላስታውሰው አፌን ከፈትሁ፤ ግን ሌላ ቃል ወጣ።

«እባክህ» አልሁ።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «ሠራተኞቹ ምሳ ሊበሉ ነው» አለ።

ካቦው ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ምሳ የት ይሄድብናል? እኒህ ሽማግሌ ጠዋቱን ሙሉ ሲጮሁብን ውለው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ እያየሁ እህል አይወርድልኝም። ተነሡ!» አንዱ አጉረመረመ፣ ግን ሁሉም ተነሡ።

«አንዴ ብቻ ነው» አለ ባለቤቱ። «ነፋሱ ሳይመጣ።»

መታን። መምህርቷ በስልኳ ትቀዳለች፤ ሰሊጡ ሸራው ላይ ወረደ፤ ዲስኮቼ ከላዩ ጮሁ። መሀል ላይ ስንደርስ ከወሎ የመጣ አንድ ጎልማሳ፣ ነዶውን እንደያዘ፣ ሳይጠየቅ ማንጎራጎር ጀመረ። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው። እኔ ድምፅ አልፈለግሁም ነበር። ዝም በል ልለው ዞርሁ። ሰሊጡ ግን እየወረደ ነው፤ ካቆምሁት ሌላ የለም። እጄ መምታቱን ቀጠለ፤ ሳላውቀው እሱን መከተል ጀመርሁ። የመጨረሻው ነዶ ባዶ ሲሆን እሱም ዝም አለ። የመጀመሪያው ነፋስ የሸራውን ጫፍ ሲያነሣ ካቦውና ባለቤቱ ሮጠው በእግራቸው ረገጡት።

በማግስቱ መምህርቷ ኔትወርክ ፍለጋ መተማ ዮሐንስ ወርዳ ቀረጻውን ላከችው። ከወራት በኋላ ስልክ ተደወለ። ተመርጠናል። ዳኞቹ ዲስኮቹን አዲስ መሣሪያ ብለው ጠሯቸው። የደወለችው ልጅ እግር ሴት «ይህ ሙዚቃ ነው» ስትለኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። ቀጥላ፣ «ከሁሉ የነካን ግን መሀል ላይ የሚገባው የሰው ድምፅ ነው፤ እንዴት አሰቡት?» አለችኝ። የእኔ ሐሳብ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ማን ያውቅብኛል? ግን እውነቱን ነገርኋት።

ያን ዕለት ምሳቸውን ለተዉልኝ ሰዎች፣ ለካቦው፣ ሰሊጡን ለነፋስ ላጋለጠው ባለ እርሻ፣ ፈሩ ብላ ላነሣሣችኝ መምህርት ምስጋናዬ እስከ ዕለተ ሞቴ ነው። እኔም ቢሆን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም። እስካሁን ያደረግሁት ይህ ነው፦

አሥራ ሁለት የነበሩትን ዲስኮች ሃያ አራት አደረስሁ፤ ትዝታና አምባሰልም ገቡ።

በጎማ ላይ የሚጎተት መስቀያ ራሴ በየድኩ፤ ባጃጅ መለመን ቀረ።

የውድድሩን ሰዎች ተከራክሬ የሠራተኞቹን ሁሉ ስም ከሥራው ላይ አጻፍሁ፤ ከገንዘቡም የእያንዳንዳቸውን ድርሻ በእጃቸው አደረስሁ።

የወሎውን ሰው በካቦው በኩል በስልክ አፈላልጌ አገኘሁት። ድምፁን ሳሰማው «ይህ እኔ ነኝ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ለሚቀጥለው ሥራ ዜማውን እሱ እንዲጀምር፣ እኔ ደግሞ እንድከተለው ተስማምተናል።